መብራቱ እንዳይጠፋ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ሳሽግ አድሬ፣ እግሬ ከብዶኝ ገብቼ፣ ልብሴን እንኳ በወጉ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወድቄ፣ ይኸው ቀትር ሊሆን ነው፤ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ልቤ ፈጥጧል። ከላዬ የተኛችው የኦሽ ከተማ ልጅ ታንኮራፋለች፣ የታደለች። በዚች የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ክፍል ስድስት ሴቶች ነን፤ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንሶላ በመጋረጃ ፈንታ ተሰቅሎ፣ የአልማቲ ፀሐይ በዚያ አልፋ መጥታ ፊቴ ላይ ትቀመጣለች። እዞራለሁ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ተመልሼ እዞራለሁ። እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ተኚ እንጂ ሶኑን፣ እላለሁ ለራሴ፣ እንቅልፍ በትእዛዝ የሚመጣ ይመስል። ቤትሽን ልየው ብላለች፣ እኔ ደግሞ ቤት የለኝም፤ ያለኝ እቃ ማቆያ መጋዘን ውስጥ የተከራየሁት አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው፣ እሷ በስልክ እያየችው ቤቴ እሱ ይመስላታል። ቅዳሜ መጥታ በሩን አንኳኩታ የምትገባበት ምን ላሳያት ነው?

ነገሩ የጀመረው ኤርመክ ጫማውን ሲያስር ነው። ባሌ ነው፤ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን፣ ልጅ እንቢ ብሎን፣ አንድ ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ «እንግዲህ ይብቃን፣ ሶኑን» አለኝ፣ ሻይ ይጨመርልህ ሲሉት ይብቃኝ እንደሚል ሰው። ካራጋንዳ ከተማ ሴት አለችው ይላሉ፣ ይኑርበት። የቤቱ ውል በእሱ ስም ነበር፣ የአልማቲ ኪራይ በዚያ ሰሞን ሰማይ ነክቶ ነበር፣ አከራያችን አብራኝ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ እስከ እሑድ ልቀቂልኝ አለች። እኔስ የትም እተኛለሁ፤ ይኸው ተኝቼ የለ፣ ይህ መተኛት ከተባለ። ሴፔን ግን የት ላድርገው? ሴፕ እናትሽ ስትድርሽ የምትሰጥሽ ነው፤ የእንጨት ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ላይ እስከ ጣሪያ የሚከመሩት ፍራሾች፣ ትራሶቹ፣ ሽርዳኩ። ሽርዳኩን አፓ፣ እናቴን አፓ ነው የምላት፣ የበግ ጠጉር ደፍጥጣ፣ ቀዩን ከጥቁሩ አጋጥማ፣ ሁለት የብርድ ወራት ሙሉ ዓይኗን አፍስሳበት የሰፋችው ወፍራም ምንጣፍ ነው። እኛ አገር፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ ሴት ትዳሯ ሲፈርስ ሴፗ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ እናቷ ደጅ ይመለሳል። እቃው ከተመለሰ ማንም ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ መንደሩ ያያል፣ አለቀ።

መንደራችን አት-ባሺ ውስጥ ልጅ ሆኜ የባትማ እቃ ሲመለስ አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፣ ስትዳር ከኋላዋ እየሮጥን ከረሜላ ለቅመናል። ሲመለሱ ሆን ብለው ሲመሻሽ መጡ፣ ጭነቱን ሸራ አልብሰውታል፣ ንፋሱ ግን ሸራውን ገልቦ ገልቦ የፍራሾቹን ጠርዝ ለአገሩ ሁሉ ያሳያል። ባትማ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ጉልበቷን ታያለች። እናውርድላችሁ ብሎ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አያለሁ፣ አፓ ከኋላዬ መጥታ መጋረጃውን ሳበችው፣ «ዞር በይ ከዚህ» አለችኝ፤ ከዚያ ለራሷ ነው የምታወራው፣ «እንዲህ ያለ መኪና በእኔ ደጅ አይቁምብኝ» አለች። እሷ ረስታዋለች። እኔ ግን ኤርመክ ጫማውን ሲያስር መጀመሪያ የታየኝ ያ መጋረጃ ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ፣ እቃ የሚያስቀምጡበት መጋዘን ፈለግሁ። እዚህ አገር ሰው ቤት አጥቶ እቃው ቤት አለው፤ አስቂኝ ነገር ነው፣ ግን እሺ።

መጋዘኑ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ በቆርቆሮ ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል በር ገጥመው ያከራዩታል። የምታስተዳድረው ፓቲጉል የምትባል ኡይጉር ሴት ናት፣ ሰፊ፣ አፏ የማያርፍ፣ ቁልፎቿ ከወገቧ ላይ ሲንጫጩ ከሩቅ የምትሰማ። ያን ቀን ምድር ቤቱን ልታሳየኝ ይዛኝ ወረደች። «ይሞቃል፣ ደረቅ ነው፣ ብል አይገባም፣ ለፍራሽ ከዚህ የተሻለ የለም» አለችኝ። ደረጃው መሃል ላይ ቆምኩ። ከላዬ አፈር አለ፣ አዳራሽ አለ፣ ሰው ይረማመዳል።

«ከመሬት በታች ነው እንዴ?»

«ምድር ቤት ሌላ የት ይሆናል?»

«የእናቴን ፍራሽ ከመሬት በታች አላስገባም። እናቴ በሕይወት አለች።»

ፓቲጉል ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እቴ፣ እቃ እኮ ነው የምታስቀምጪው፣ አስከሬን አይደለም።»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ።»

ወደ ላይ ተመለስን። ላይኛው አዳራሽ ማሞቂያ የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ንፋሱ በበሩ ሥር ይገባል፣ «ብርዱ ሲገባ ሰው ሁሉ ታች ይወርዳል፣ አንቺ ወደ ላይ ትወጫለሽ» እያለች አሳየችኝ። አንዱን ክፍል አየሁ፣ በሩ ከጎን ነው፤ አልፈልግም አልኩ። ሌላውን አየሁ፣ ጥግ ይዟል፤ አልፈልግም። ሣጥኑ በር ፊት ለፊት ካልሆነ ሴፕ አይሆንማ፣ የገባ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እሱን ነው። «ሙሽራ ነው እንዴ የምታስገቢው?» አለችኝ ፓቲጉል። አልፌያት ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ረካሁ። ሌላ ተከራይ የከበደውን ከኋላ፣ የሚፈልገውን ከፊት አድርጎ፣ እስከ በሩ ጠቅጥቆ ይሄዳል። እኔ ሣጥኑን በሩ ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ከሥሩ እንጨት አንጥፌ፣ ፍራሾቹን እጥፋታቸው ወደ በሩ እየሆነ አንድ በአንድ ከመርኩ፣ ድስቱንና ስፌት መኪናውን ግራና ቀኝ አስጠጋሁ፣ መሃሉን ክፍት ተውኩት። ፓቲጉል መጥታ አየችና «መሃሉን ለማን ነው የተውሽው? ለባዶ ቦታ ትከፍያለሽ?» አለች። ሰው ቢመጣ የሚቀመጥበት ነው ልላት ነበር፣ አፍሬ ተውኩት።

አንዷ ተነሥታ ሻይ ታፈላለች፣ ማንኪያው ብርጭቆ ይመታል፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምታማስለው? ስኳር ይሟሟል እኮ። እዞራለሁ። ስልኬ ትራሴ ሥር ነው። ውሸቱን ያመጣው እሱ ነው፣ ወንድሜ ማክሳት ለአፓ ስልክ የገዛላት ቀን። ከገዛላት ወዲህ ድምፅ ብቻ አይበቃትም፣ ፊት ካላየች አታወራም። አንድ ቀን ካፖርቴን ላወጣ መጋዘኑ ገብቼ ሣጥን ውስጥ እጎረጉራለሁ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ጣቴ ሳላስበው ነካው፣ አፓ ፊት ለፊቴ ብቅ አለች፣ ከኋላዬ የፍራሹ ክምር። አፓ ፊቷ በራ። «እሰይ ልጄ፣ እንዴት አድርገሽ ከምረሽዋል» አለች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ «ያ ግድግዳ ምንድን ነው? የጎረበጠው?» አለች። «የአልማቲ ቤት እንዲህ ነው አፓ፣ አዲሱ አሠራር» አልኩ። እንደዚህ ነው የተጀመረው፤ ላታልላት ተነሥቼ አይደለም፣ ፊቷ ስለበራ ነው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ትንሽ ጋደም እልና ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ። ቆርቆሮው እንዳይታይ ሽርዳኩን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። አፓ አየችው፣ «ግድግዳ ላይ?» አለች። «እዚህ ሁሉም ይሰቅላል፣ አፓ።» «ይሁን» አለች። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምላት፣ በሆዴ ግን እንደ ልጅነቴ አንቺ ናት፣ አንቺ ለምን አመንሽኝ እላታለሁ።

መብራቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መብራቱ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፣ ሰው ካልተንቀሳቀሰ እቃ ብቻ ነው ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ በግራ እጄ ስልኩን ይዤ፣ ቀኝ እጄን በየደቂቃው ወደ በሩ አወዛውዛለሁ። አፓ መጀመሪያ ቀን «ማንን ነው የምትጠሪው?» አለችኝ። «ዝንብ ነው፣ አፓ።» ሌላ ምን ልበል? ሁልጊዜ ዝንብ። እያወራሁ አወዛውዛለሁ፣ ላም ታመመች ስትለኝ አወዛውዛለሁ፣ የአክስቴን ልቅሶ ስትነግረኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ እጄ ይወዛወዛል። አሁን እዚህ ተኝቼ እንኳ ትከሻዬ ያመኛል። ኤርመክስ ብትለኝ ሥራ ላይ ነው ልል ተዘጋጅቻለሁ፣ እሷ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ አንድም ቀን። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይብስብኛል፣ ለምን አትጠይቅም? ባለፈው ሐሙስ «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ቤትሽን ልየው» ብላ ስልኩን ዘጋች፣ መልስ እንኳ አልጠበቀችም። የቀን ኪራይ ቤት ይዤ እቃውን ሁሉ ወደዚያ ላግዝ አልኩ፣ ለአንድ ቅዳሜ። የአንዷን ባልደረባዬን ቤት ልዋስ አልኩ፣ ልጆቿስ የማን ናቸው ልል ነው? አንሶላው ላይ ፀሐይዋ ወርዳለች። ተነሣሁ። ሥራ ገጥሞኛል፣ ለሌላ ጊዜ ያድርጉት እላታለሁ። እሱ ነው የሚሻለው፣ ዛሬ እነግራታለሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቃሉን እለማመዳለሁ። አፓ፣ ቅዳሜ የሥራ ተራዬ ተቀይሯል። አፓ፣ ኤርመክ አሞታል፤ አይ፣ እሱን ቢያመው ትመጣለች፣ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው አሚን አሉ። ወርጄ በረዶውን እየረገጥሁ ገባሁ፣ ፓቲጉል ከጠረጴዛዋ ኋላ የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ትፈለፍላለች።

«መጣሽ? ዛሬም ልታስጎበኚ?»

«ስልክ ነው የማወራው፣ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ግን ስሚ፣ ሰዎች ግድግዳ ላይ ምንጣፍ የሰቀለች አለች እያሉኝ ነው። እዚህ መኖር ክልክል ነው፣ መተኛት ክልክል ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«ብተኛማ ኖሮ በምን ዕድሌ» አልኳት። ይህችን ብቻ እውነት ነው የተናገርኩት።

በሩን ከፈትኩ። ፍራሹን መሃል ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ፣ ብርዱ ከሲሚንቶው ይወጣል፣ ካፖርቴን አውልቄ ከጀርባዬ ደበቅሁ፤ በቤቱ ካፖርት ለብሶ የሚቀመጥ የለማ። እጄን አወዛወዝኩ፣ በራ። ደወልኩ። አፓ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሻሿን እንደ ወትሮዋ ወደ ኋላ አስራ፣ መነጽሯን እየወለወለች።

«አፓ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ አንቺስ? ፊትሽ ከሳ።»

«ካሜራው ነው፣ አፓ። ቅዳሜ ስላሉት...»

«ቅዳሜ ምን?»

«ሥራ ገጥሞኛል። ተራዬን ቀየሩብኝ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ለሌላ ጊዜ ቢያደርጉት ብዬ ነው።»

መነጽሯን አደረገች። ቀረብ ብላ አየችኝ፣ ስክሪኑ ላይ ግንባሯ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ራቅ አለች። እጄን አወዛወዝኩ።

«ዝንቡ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«እኛ ዘንድ ወንዙ በረዶ ሆኖ ፈረስ በላዩ እየተሻገረ ነው፣ እንደዚያ ነው የጠጠረው። አንቺ ጋ ዝንብ አለ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ከአፍሽ የሚወጣውስ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«እንፋሎቱ። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ፈረስ እንፋሎት የሚያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

አፌን ዘጋሁ። በአፍንጫዬ ወጣ። ሁለታችንም እያየነው ወጣ፣ ሽርዳኩ ላይ ደርሶ ጠፋ። ያን ጊዜ ምድር ቤቱ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቢሆን ይሞቅ ነበር፣ እዚያ ቢሆን ዕድሜ ልኳን አታውቅም ነበር፣ እናቴ በሕይወት አለች ብዬ ወደ ላይ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«ሶኑን።»

«አቤት፣ አፓ።»

«ሽርዳኩን የሰቀልሽው ቀን ነው የገባኝ። እኔ ያንን ነገር ሰው እንዲቀመጥበት ነው የሰፋሁት። ልጄ እሱን ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው የምትሸፍነው ነገር ቢኖራት ነው አልኩ። ኤርመክ የት ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም፣ ለምን መሰለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንዳትዋሺኝ ብዬ።»

አለቀስኩ። ከመከር ጀምሮ ያላለቀስኩትን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አፍንጫዬን በእጄ ጠረግሁ፣ አፓ እንጨት ወደ ምድጃው ስትጨምር ሰማኋት። ለምን አልነገርሽኝም አላለችም። ከዚያ «የባትማ እቃ የተመለሰ ቀን ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

«ይለኛል።»

«መጋረጃውን ሳብኩት።»

«አዎ።»

«ትንሽ ልጅ ናት፣ አይገባትም ብዬ ነበር። ገብቶሽ ኖሯል። ባትማ ስንት ጊዜ በደጄ አልፋለች፣ ሰላም ስትለኝ አንድም ቀን ዓይኗን አላየሁም። አሁን አንቺን ሳስብ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የማያት እሷን ነው።»

እሷም አትተኛም ለካ። እኔ እዚህ በቀን ስገላበጥ እሷ እዚያ በሌሊት ትገላበጣለች።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች አፓ። «በአውቶቡስ አይደለም። የአጎትሽን የካሊክን ጭነት መኪና ነው የምንይዘው፣ ማክሳት አብሮን አለ። እቃሽን ልወስድ ነው የምመጣው።»

«አፓ፣ ሰው...»

«ሰማሽ? ሸራ አናለብሰውም። ድንበሩ ላይ ብንዘገይ እንኳ መንገድ ላይ እናድራለን እንጂ ሲመሻሽ አንገባም። በቀን ነው የምንገባው፣ በገበያው በኩል። ያየ ይይ። ሽርዳኩን ከላይ ነው የማደርገው። የሚያወርድ ሰው ካጣን እኔ አወርደዋለሁ፣ እጅ አለኝ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራሽን ሥሪ፣ ማን ከለከለሽ? አብረሽ ብትመጪም ደስታዬ፣ ብትቆዪም እሺ። እቃው ግን ቤቱ ይግባ። በሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ ባዶ ነው፣ ምንም አላስቀመጥኩበትም።»

ያን ባዶ ቦታ አሰብኩ። ጭኔ ላይ ያረፈውን እጄን ረሳሁት። መብራቱ ጠፋ። ስልኩ ላይ ያለችው አፓ ብቻ በራች፣ ትንሽ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ።

«የት ሄድሽ?»

«መብራቱ ነው፣ አፓ፣ ካልተንቀሳቀስኩ ይጠፋል፣ ቆይ ላብራው።»

«ይሄ ነበር ዝንቡ?»

«ይሄ ነበር።»

«ተይው» አለች። «ይጥፋ። ድምፅሽን እሰማ የለ? እጅሽን አሳርፊ።»

ካፖርቴን ከጀርባዬ አውጥቼ ደረብኩ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፌ ጋደም አልኩ፣ ለአንድ አፍታ ብዬ ነው፤ ከክምሩ ላይ ሌላ ፍራሽ ስቤ ለበስኩት፣ ቤታችን ቤታችን ይሸታል። አፓ ታወራለች። ካሊክ የመኪናውን ጎማ ሊቀይር ነው፣ የምትወጂውን ደረቅ አይብ፣ ኩርት፣ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ የዳቦ ቤቱ ሴቶች ስንት ናቸው ላካፍላቸው፣ ስድስት አልኩ መሰለኝ፣ ግራጫዋ ላም አገግማለች፣ ከዚያ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

የቀረውን የነገረችኝ ፓቲጉል ናት፣ ቅዳሜ ጠዋት ካሊክና ማክሳት ሣጥኑን ሲያወጡ፣ አፓም ከኋላቸው ይሄን ጫፍ ከፍ አድርጉ እያለች ስታዛቸው። ያን ሐሙስ ስትዞር መጥታ በሩን ገፋች አሉ፣ መብራቱ በራ፣ እኔ ፍራሹን እስከ ጆሮዬ ስቤ ተጋድሜያለሁ። ተነሽ፣ እዚህ መተኛት ክልክል ነው ብላ ጠራችኝ። አልሰማሁም። ጮክ ብላ ጠራችኝ። ይኼኔ ከትራሴ አጠገብ አንድ ድምፅ «ማን ነሽ አንቺ?» አላት፣ ደነገጠች፣ ጎንበስ ብላ ስታይ ስልኩ ውስጥ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ቁጭ ብላ ፍጥጥ ብላ ታያታለች።

«ቀስ በይ» አለቻት አፓ። «ልጄ ተኝታለች።»

ፓቲጉልም ቁልፎቿን እንዳይንጫጩ በእጇ ጨብጣ፣ በሩን እንደነበረው ገርበብ አድርጋ ሄደች።